የአያ ዝንጀሮ ሸክም

«አያ ዝንጀሮ፣ ሸክምህ ምነው ቀለለ?» አለችው እመት ጃርት።

«ሣሩ ደርቆ ነው፣ እመቴ።»

ድሮ ነው ልጆቼ፣ አውሬ ሁሉ ጎረቤት በነበረበት አገር። እመት ጃርት ሐኪም ነበረች። ቀድሞ የታመመ ሁሉ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ ይመጣ ነበር። ማር የሌለው እቤቱ ተኝቶ ይሞታል። እመት ጥንቸል ሁለት ልጆቿን እንዲያ ቀበረች።

ያን ጊዜ አገሩ መከረ። በማሩ ፈንታ ግብሩ ከየቤቱ በዓመት አንድ ሸክም ሣር ለሕሙማን ጎጆ ክዳን፣ አንድ ቁና ሥራሥር ለሐኪሟ ቀለብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ «ምን ይዘሃል?» ቀረ። «ምንህን አመመህ?» ብቻ ሆነ።

አያ ዝንጀሮ ግን ሸክሙን ሲያስር ከላይ ሣር፣ ከውስጥ የወደቀ ቅጠል ያደርግበታል። እመት ጥንቸል አየችው።

«ምነው አያ፣ ቅጠል ዝናብ ይችላል?»

«ለማልታመመው ለእኔ ይኼም ይበዛል።»

በዓመቱም እንዲሁ አሰረ። «ለማልታመመው ለእኔ ይኼም ይበዛል።»

በሦስተኛው ክረምት የዝንጀሮ ልጅ ገላዋ እንደ ምጣድ ጋለ። አዝሏት በዝናብ ሮጠ። እመት ጃርት በሩን ከፈተች።

«ምኗን አመማት?» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ባዶ የነበረው መደብ አንድ ብቻ ነው፣ ጥግ ያለው። እዚያ አስተኟት። ወዲያው ከጣራው ውሃ ግንባሯ ላይ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ።

«በትኩሳቱ ላይ ብርድ ከገባባት አትተርፍም» አለች ጃርት።

ዝንጀሮ ቀና ብሎ አየ። ቅጠሉ በስብሶ ቀዳዳ ሆኗል። ዙሪያውን የቀረው ቋጠሮ እሱ ራሱ ያሰረው ነው።

«የእኔ ሸክም ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ካቻምና ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የቸገረህ ለት ይህን በር ማንኳኳት እንዳታፍር ብዬ።»

ዝንጀሮ ወጥቶ ጣራው ላይ ተንጠላጠለ፣ ቀዳዳው ላይ በደረቱ ተኛበት። ዝናቡ ጀርባውን ገረፈው። ከታች ጠብታው ቆመ።

«አባዬ፣ የት ነህ?» አለች ልጅቷ።

«እዚሁ ነኝ፣ ከላይሽ።»

እመት ጃርት ከደጅ ብቅ አለች። «አያ፣ አልበረደህም?»

«ለእኔ ይኼም ያንሰኛል» አለ። «ለጋራ ጣራ ሣር የሰሰተ፣ ለልጁ መኝታ ዝናብ ሸመተ።»

ጃርት ነፋሱ ልጅቷ ጋ እንዳይደርስ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።