ዳምጠው አይደለሁም

በዚህ ነገር የጠፋው አንድ ዓመት ነው፤ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ተከፍሎ ያልቅ ነበር።

በግቢያችን አዲስ ተማሪ በሚገባበት ሰሞን ነባሮቹ በሩ ላይ ወጥተው ሻንጣ ይቀበላሉ። የማንንም ሻንጣ ከመንካታቸው በፊት ግን «ዳምጠው አይደለሁም» ማለት አለባቸው፤ ይህን ላላለ ሰው ሻንጣ አይሰጥም። ከግቢው ጀርባ ያለው፣ የውኃ ታንከር ብቻ የቆመበት ራሰ በራ ጉብታም «የዳምጠው ዶርም» ይባላል። እንግዳ ሲሰማው ይስቃል። ነገሩም የተነሳው ከሳቅ ነው፤ የሳቀው ግን አንድ ወገን ብቻ ነበር።

የግቢው የቀድሞ ሰዎች እንደሚሉት፣ ዩኒቨርሲቲው ገና ጥቂት ሕንፃ በነበረው ዘመን አንለይ የሚባል የገጠር ልጅ፣ መኪና በመንገድ ተበላሽቶበት፣ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል የእንጨት ሳጥኑን ተሸክሞ ደረሰ። በሩ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ የነበረውን ዳምጠው የተባለ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ምዝገባው የት ይሆን?» ብሎ ጠየቀው።

«ጋሼ አለኝ እኮ!» አለ ዳምጠው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ። «በል ፍሬሽ፣ ያ ጉብታ ይታይሃል? ምዝገባውም ዶርሙም ከጀርባው ነው። ፍጠን፣ አልጋ ሳያልቅብህ!»

አንለይ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወደ ጉብታው ወጣ። በኋላ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበችው ይህች ምስጋና ናት ይባላል። ጉብታው ላይ ከታንከሩ በቀር ምንም አልነበረም፤ ሣር የምታጭድ ሴት «እዚህ የሚያድር ጅብ ነው፣ ልጄ» አለችው። እየሮጠ ሲመለስ የምዝገባውን መስኮት ተዘግቶ አገኘው፤ መዝጋቢውም «እንግዲህ የከርሞ ሰው ነህ» ብሎ አሰናበተው። ዳምጠው ገና በሩ ላይ ነበርና «ዶርሙ ተመቸህ ወይ?» ሲለው ጓደኞቹ በሳቅ ፈረሱ።

አንለይ አገሩ አልተመለሰም። ምን ብሎ ይመለሳል? ከርሞ እስኪደርስ በከተማው መናኸሪያ የሰው ዕቃ ሲሸከም ቆየ፤ ቂሙንም አብሮ ተሸከመ።

በዓመቱ ተመዝግቦ ሲገባ የሰሙ ሁሉ ድብድብ ጠበቁ። እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ የአዲሶቹን ሻንጣ መሸከም ጀመረ፤ ሳንቲም ቢሰጡትም አይቀበልም ነበር። እየተሸከመ ግን ለእያንዳንዱ ጉብታውን ያሳየዋል። «ያ የዳምጠው ዶርም ይባላል። ዳምጠው ማለት ያ ረጅሙ፣ ቀይ ሹራብ የለበሰው ነው። ወደዚያ ሂድ ቢልህ እንዳትሰማው» ይላል። ቆሞ ቢሳደብ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ሻንጣቸውን ከተሸከመላቸው ሰው የሰሙትን ግን ሁሉም አመኑ፤ አመኑና ለሌላው አወሩ።

ብዙም ሳይቆይ ዳምጠው ለምሳ በተሰለፈ ቁጥር ከኋላው «ዶርሙ ተመቸህ ወይ?» ይባል ጀመር። ስሙን ለማደስ ብሎ እሱም በሩ ላይ ወጣ፤ የአንዱን ሻንጣ አንስቶ ጥቂት እንደሄደ ባለሻንጣው ስሙን ጠየቀው፤ ቢነግረው «ሻንጣዬን!» ብሎ ነጠቀው። አንለይን አይቶ መሸከም የጀመረ ሁሉ አስቀድሞ «ዳምጠው አይደለሁም» ማለት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው ይላሉ።

በመጨረሻ ዳምጠው ሁለት የክፍሉን ልጆች ለሽምግልና ይዞ አንለይ ዘንድ ሄደ።

«ይብቃህ እባክህ፤ ስሜን መልስልኝ» አለው።

«እመልሳለሁ» አለ አንለይ። «ዓመቴን ይዘህ ና።»

ዳምጠው ተመርቆ ሄደ። አንለይ ግን ሲመረቅ እዚያው አስተማሪ ሆኖ ቀረ፤ የሚሆነውን ሊጠብቅ ነው የቀረው የሚሉም አሉ። እንደሚነገረው ዳምጠው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበት፣ ትርንጎ የምትባለውን ልጁን ሊያስገባ በዚያው በር መጣ። አንድ ተማሪ ቀልጠፍ ብሎ ወደ ሻንጣዋ ጎንበስ አለና «ዳምጠው አይደለሁም» አላት።

«ዳምጠውማ አባቴ ነው» አለች እየሳቀች። ወደ አባቷም ዞራ፣ «አባዬ፣ ምን ማለቱ ነው?»

ከበሩ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ያይ የነበረው አንለይ ቀረብ አለና ሻንጣውን ከተማሪው ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገው።

«ነይ ልጄ» አላት፤ «እየሄድን እነግርሻለሁ።»

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው። የአንለይ ዓመት አልተመለሰም። የዳምጠውም ስም አልተመለሰም፤ ጉብታው ዛሬም በእሱ ስም ይጠራል። ያተረፉት ሁለቱንም የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የገባ አዲስ ተማሪ ሻንጣውን ለብቻው ተሸክሞ አያውቅም።