የውሃ አባቱና ሞጋቹ

ዘገየ የወረዳ ምክር ቤት አባል ሆኖ ከተመረጠ ብዙም አልቆየም። የድሮ የታሪክ አስተማሪውን መምህር ወልደ ሰማያትን ሊጠይቅ ቤታቸው ሄደና በጨዋታ መካከል እንዲህ አላቸው።

«ጋሼ፣ በእንግሊዝ አገር የተቃዋሚው ወገን መሪ ደመወዙን ከመንግሥት ይቀበላል ሲሉ ሰማሁ። የንጉሡ ታማኝ ተቃዋሚ ነው የሚባለውም አሉ። ሰው የሚነቅፈውን እንዴት ይቀልባል? እኛም ምክር ቤት እንደዚያ ያለ አንድ ነገረኛ አለ። እኔ ብሆን እንኳን ልከፍለው በሩን ነው የምዘጋበት።»

መምህሩ እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ ገበሬ ነበረ፤ አጥናፉ ይባላል። የሚኖርበት ሸለቆ በሙሉ የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው። ምንጩ የአንዲት ወይዘሮ ርስት ነበር። የወይዘሮዋ አያት ውሃውን እንዳሻቸው ያደርጉት ነበር፤ ለወደዱት ይለቃሉ፣ በጠሉት ላይ ይዘጋሉ። በዚህ የተነሣ የሸለቆው ገበሬ ሁሉ አመፀባቸው፣ ደምም ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ከገበሬው ጋር ተማማሉ። ምንጩና ክብሩ የእነሱ ይሁን፣ ማካፈሉ ግን የገበሬው ይሁን ተባለ።

ደንቡ እንዲህ ነበር። እያንዳንዱ ጎጥ አንድ ሰው መርጦ ይልካል። የተላኩት ሰዎች በሁለት ወገን ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ብዙ ሰው ከኋላው ያለውን መሪ ወይዘሮዋ ጠርተው ዘንግ ያስጨብጡታል፤ የውሃ አባት ይሆናል፤ የማን ማሳ መቼ እንደሚጠጣ ይወስናል። የትንሹ ወገን መሪ ደግሞ ሞጋች ይባላል። የሞጋቹ ሥራ ሰንበት በመጣ ቁጥር ተነሥቶ የውሃ አባቱን መጠየቅ ነው። ሲሟገት ሥራ እንዳይፈታ ገበሬው እርሻውን ያርስለታል።

አጥናፉ የውሃ አባት ሆነ። ትጉህ ሰው ነበር፤ ቦዩን ራሱ እየዞረ ያያል። ሞጋቹ ግን አላስቀምጠው አለ። «የታችኛው ጎጥ ባቄላ ለምን ጠወለገ? ቦይ ሲጠረግ ዘመዶችህ ለምን አልወጡም?» ይለዋል። ሰዉ ይስቃል። አጥናፉ ሲመረው ወደ ወይዘሮዋ ሄደ።

«እመቤቴ፣ ይህን ሰው ያንሡልኝ። እሱ ባለበት መሥራት አልቻልኩም።»

«ምን ዋሸ?» አሉት።

«አልዋሸም።»

«እኔ የምሾመው እናንተ የመረጣችሁትን ነው፤ የምሽረውም እናንተ የተዋችሁትን ነው። ልመክርህ እችላለሁ፣ ላዝልህ ግን አልችልም። ምክሬም የሚልህን ስማ ነው።»

አልሰማም። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረና ምንጩ ቀጠነ። አጥናፉ የላይኛውን ጎጥ በርበሬ ለማትረፍ ሲል የታችኛውን ቦይ ዘጋው። የላይኛው ጎጥ የሱ ደጋፊ ነበር። በሰንበቱ ሞጋቹ ተነሣና «የታች ጎጥ ከብት ምን ይጠጣ?» አለው።

«የውሃ አባት እኔ ነኝ» አለ አጥናፉ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ይህን ጊዜ ከኋላው የተቀመጠ የልብ ወዳጁ ብድግ አለ። «አጥናፉ፣ ካንተ ጋር የቆምኩት ውሃ ታካፍላለህ ብዬ ነው። ይህስ ማካፈል አይደለም» አለና ተሻግሮ ከሞጋቹ ጎን ተቀመጠ። ሌሎችም ተከተሉት። እጅ ሲወጣ የአጥናፉ ወገን አነሰ።

ማታውኑ ወንድሞቹ መሣሪያ ይዘው መጡ። «ዘንጉ በእጅህ ነው። የቦዩን አፍ እኛ እንጠብቃለን። ማን ያስለቅቅሃል?» አሉት። እውነት ነበር፤ ወይዘሮዋ ከአንድ ሽማግሌ ዘበኛ በቀር ጠባቂ አልነበራቸውም። አጥናፉን መዋረዱ አንገብግቦታል። ግን በአያቱ ዘመን ስለዚሁ ውሃ የሞቱትን ሰዎች መቃብር ያውቀዋል። «መሣሪያችሁን መልሱ» አላቸው። ሲነጋ ሄዶ ዘንጉን ለወይዘሮዋ አስረከበ። በዚያው ቀን ሞጋቹ ተጠርቶ ተቀበለ።

አጥናፉ ከሰው ተለየ። ያ ሰው ይበቀለኛል፣ ውሃዬን ይቆርጠዋል ብሎ ጠበቀ፤ ግን ተራው ሲደርስ ውሃው ይመጣለታል። አዲሱ የውሃ አባት የታችኛውን ጎጥ ለመካስ ሲጣደፍ የላይኛውን ረሳው፤ በርበሬው ይቃጠል ጀመር። አጥናፉ ይህን ከደጁ ሆኖ እያየ «እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ዝም አለ።

በመጨረሻ ዝናቡ ጣለ። አንድ ጠዋት አጥናፉ ሲወጣ ጎረቤቶቹ በሬ ጠምደው ማሳውን ሲያርሱ አገኛቸው። ከእነሱ መካከል ሲቃወሙት የኖሩ አሉበት።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ሞጋቹ አንተ አይደለህ?» አለው አንዱ፣ በሬውን ሳያቆም። «እኛ የድርሻችንን እያደረግን ነው። አንተ ግን በርበሬው ሲነድ አልጠየቅህልንም።»

አጥናፉ አፈረ። በሰንበቱ ሄዶ ትንሹ ወገን ካለበት ተቀመጠና ተነሥቶ ጠየቀ። አዲሱ የውሃ አባት ፊቱ ጠቆረ፤ ሆኖም መልስ መስጠት ነበረበት። በተከታዩ ሳምንት የውሃው ተራ ተስተካከለ።

መምህር ወልደ ሰማያት እዚህ ላይ ወደ ዘገየ ዞር አሉ።

«የእንግሊዝም ነገር እንዲህ ነው። ወይዘሮዋ ንጉሡ ናቸው፤ መንግሥቱ በስማቸው ይጠራል፣ አይገዙም። የጎጥ ተወካዮቹ የፓርላማ አባላት ናቸው፤ ሁለቱ ወገኖች ፓርቲዎቹ። የውሃ አባቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የሚቆየው የፓርላማው አብላጫ ከኋላው እስካለ ድረስ ነው። ሞጋቹ ተቃዋሚው ነው። ታማኝ የሚባለው ለምንጩ፣ ማለት ለአገሪቱ፣ እንጂ ለውሃ አባቱ ስለታመነ አይደለም። ይህ ሁሉ በአንድ ሕገ መንግሥት ተጠርዞ የተቀመጠ እንዳይመስልህ፤ ግማሹ ልማድ ነው። ወደዚያ ልማድ ሲመጡም በመንገዳቸው የንጉሥ አንገት ቆርጠዋል። ለሞጋቹ የሚከፈለውም ስለሚወደድ አይደለም፤ የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ በርበሬው ስለሚቃጠል ነው።»

ከዚያም ጥያቄውን ወደ ዘገየ መለሱት።

«ያ ነገረኛ ያልከው ሰው የጠየቀህ ምን ነበር?» አሉት።

«የጤና ጣቢያው ጣሪያ ለምን እስካሁን አልተጠገነም ነው የሚለው።»

«መለስክለት?»

«አልመለስኩም።»

«በል እንግዲህ፣ በሩን ከመዝጋትህ በፊት እሱን መልስለት።»