ለወፍ ብድግ ያለው አባጨጓሬ

አንድ ጊዜ በአንድ የቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ሁለት አባጨጓሬዎች፣ እህትና ወንድም፣ ቅጠል እየበሉ ይኖሩ ነበር። እናታቸው የእሳት ራት እንደ ስሟ ሆና ስለቀረች፣ ታናሹን ስንጥርን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ወፍ ሲመጣ በኋላ እግሩ ቅርንጫፉን ጨብጦ እንደ ጭራሮ ድርቅ እንዲል፣ ከታወቀበት ደግሞ በድሩ ተንጠልጥሎ እንዲወርድ አስተማረችው። ስንጥር ሁለቱንም ያውቅበታል። ችግሩ ይሉኝታው ነው። ጥንዚዛ እንኳ ሲያልፍ ሰላም ካላለ የጎረሰው ቅጠል አይዋጥለትም።

አንድ ቀን ወፍ መጣች። ሁለቱም ደረቁ። ወፊቱ ጭራሮ ሁሉ አባጨጓሬ እየመሰላት ስትቆረቁር አረፈደች፤ ያተረፈችው የአፍ ሕመም ብቻ ነበር። የራበው ግን ብልሃት አያጣም። ቅርንጫፍ ላይ ተደላድላ ለቁጥቋጦው በሙሉ ሰላምታ አቀረበች። መልስ የሰጣት የለም።

«እንግዳ ቆሞ ብድግ የሚል ይጥፋ?» አለች፣ ለራሷ የምታወራ መስላ። «በልጆቹ እንኳ አልፈርድም። አሳዳጊ የበደላቸው ናቸው።»

ስንጥር ስድቡ የእሱ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። እህቱን ሲነኩበት ግን አንጀቱ ተቃጠለ። ጭራሮ ብድግ ብሎ እጅ ሲነሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወፊቱ ያን ቀን አየች።

«ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጥ» ብላ አፏን ከፍታ መጣችበት።

«ቅርንጫፉን ልቀቅ!» ብላ ጮኸች እህቱ፣ ራሷን አጋልጣ። ወፊቱ ወደ ድምፁ ዞር ስትል ሁለቱም በድራቸው ወደ ታች ወረዱ። እሾህ ወደበዛበት ቀጋ ውስጥ ክንፍ ይዞ መግባት አይቻልም። ወፊቱ ጥቂት ተሳድባ ሄደች።

ስንጥር ድሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ከፍርሃቱ ይልቅ ሐፍረቱ ባሰበት። ስሟን እያጎደፉባት እንዴት ዝም እንደሚል እህቱን ጠየቃት።

እሷም አልተቆጣችም። «ስንጥርዬ፣ ስሜን የምታስጠራው ለወፍ ተነስተህ ሳይሆን በሕይወት ኖረህልኝ ነው» አለችው። ከዚያም ድሯን እየሳበች ወደ ቅጠሏ ወጣች፤ እሱም ተከተላት።

ከዚህ የምንማረው ሊበላን የመጣ አስተዳደጋችንን ሲነቅፍ ዝም ማለት ነውር አለመሆኑን ነው።