ለመንቀል የጨመረው ሽማግሌ

አንድ የመኪና ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። በአውራ ጎዳና ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የሚሠራው። የመኪና ኮምፒውተር ማለት ሞተሩን የምታዝ፣ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ ናት፤ ጠጋኞቹ ቦርድ ይሏታል። ላይዋ ላይ ጥቃቅን እቃዎች በሊድ ተጣብቀዋል። ሊድ ደግሞ ካውያ በሚሉት የጋለ መበየጃ ሲነኩት የሚቀልጥ፣ ሲበርድ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ ቀጭን ሽቦ ነው።

ይርዳው እጁ ፈጣን ነው። ችግሩ ሆዱም ቶሎ ይከፋል። ከጎኑ ባለው ኮንቴይነር የሚሠሩት ጋሽ ወርዶፋ ሙያውን ያስተማሩት ሰው ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ደንበኛ ፊት "አንተ ገና ነህ፤ ትቸኩላለህ" ቢሉት ተቀይሞ ወጣና አጠገባቸው የራሱን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም። እሳቸው ሬዲዮ ሲከፍቱ እሱ የራሱን አስበልጦ ያስጮኻል። እሳቸው ደጃቸውን ውሃ ሲረጩ እሱ አቧራውን ወደ እሳቸው ይጠርጋል። ምን አለፋችሁ፣ እንደ ጣውንት ነበሩ።

በጥር ወር፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ በአበባ ያጌጠች አሮጌ መኪና በሰው እየተገፋች መጥታ የይርዳው ደጅ ቆመች። የሚገፏት ሙሉ ልብስ የለበሱ ሚዜዎች ናቸው። ሙሽራው ራሱ ላብ በላብ ሆኖ ከኋላ ይገፋል።

"ወንድሜ፣ ድረስልኝ!" አለ ሙሽራው። "ሙሽራዬ ሰባ ኪሎ ሜትር ርቃ ነው ያለችው። አባቷ 'ስድስት ሰዓት ካለፈ ድንኳኑን አፈርሳለሁ' ብለዋል። ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው።"

"ታዲያ ሌላ መኪና አትፈልጉም?"

"በጥር እሁድ?" አለ አንዱ ሚዜ። "ዛሬ ሰርግ የሌላት መኪና አህያ የሚጎትታት ብቻ ናት!"

ሁሉም ሳቁ። ሙሽራው ብቻ አልሳቀም።

ይርዳው ቦርዷን አውጥቶ መረመረ። ለሞተሩ ነዳጅ የሚያዝለት ባለ ሦስት እግር እቃ ተቃጥሏል። ምትኩ እጁ ላይ አለ። አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መትከል ነው፣ በቃ። ግን ሊዱ የስንት ዓመት ነው፤ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ካውያውን ቢያስጠጋው፣ ቢያስጠጋው አልቀልጥ አለ።

"ኧረ ቶሎ በል! አማቴ ይሄኔ ካስማ መንቀል ጀምረዋል!" አለ ሙሽራው ከውጭ።

ይርዳው ተናደደ። ወረንጦውን ከሥር አስገባና አንዱን እግር ፈነቀለው። እግሩ ወጣ። ግን ኤሌክትሪኩ የሚሄድባት፣ ፀጉር የምታህል የመዳብ መስመርም ከቦርዷ ተልጣ አብራ ወጣች።

ይርዳው ክው አለ። የቀሩት ሁለቱም እንዲህ ከተላጡ ቦርዷ አለቀላት፤ ሰርጉም አለቀለት። ውጭ ሚዜዎቹ ምንም ሳያውቁ እየጨፈሩ ነው። ማን ሊያድነው እንደሚችል ያውቃል። ሰውየው ያለው ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ነው። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጤና ይስጥልኝ ያላሉትን ሰው ምን ብለው ይጠሩታል?

ጋሽ ወርዶፋ ግን ጭፈራውን ሰምተው በራሳቸው ብቅ አሉ። ቦርዷን አዩ። የይርዳውን ፊትም አዩ። እሱም "አላልኩህም ነበር?" እስኪሉት አንገቱን ቀብሮ ጠበቀ።

"ይርዳው ልጄ" አሉት፣ "ባለፈው የሠራሃትን የጭነት መኪና ቦርድ ባለቤቱ አሳየኝ። ብየዳህ ሲያምር! ይሄው 'እኔ ነኝ ያስተማርኩት' እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ከረምኩ።"

ይርዳው ቦርዷን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገ።

"ጋሼ... ላጥኳት እኮ" አለ።

"አይቻለሁ። ለተላጠው በቀጭን የመዳብ ሽቦ ድልድይ እንሠራለታለን። ለቀሩት እግሮች ግን አዲስ ሊድ ጨምርባቸው።"

"እኔ አሮጌው አልለቅ ብሎኝ እያለቀስኩ፣ እርስዎ ሌላ ጨምር ይሉኛል?"

"አዎ፣ ጨምር! የደረቀ ሊድ እሳት ብቻውን ሲመጣበት እልህ ይይዘዋል። አዲስ ሲቀላቀልበት ግን አብሮ ይለሰልሳል። ያኔ አትጎትተውም፤ ራሱ ይለቅሃል።"

ይርዳው ጨመረ። አዲሱ ሊድ እንደ ቅቤ ቀልጦ አሮጌው ላይ ፈሰሰ። ያ ድንጋይ ቀስ እያለ አብረቀረቀ፣ ተንቀጠቀጠ። እቃው በወረንጦ ጫፍ ሲነካ ብድግ ብሎ ወጣ። መዳቡ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ሽማግሌው ቀጭኗን ሽቦ ያዙ፣ እሱ በየደ። አዲሱን እቃም ተክለው ቦርዷን ወደ መኪናዋ መለሱ።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሳ። ሚዜዎቹ ሰፈሩን በእልልታ አናወጡት። ሙሽራው ሁለቱንም አገላብጦ ሳማቸውና በረረ። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሰ ይባላል። አማቱም ሰዓታቸውን እያዩ ደጅ ላይ ቆመው አገኛቸው።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ይርዳው ጠየቀ። "ጋሼ፣ ለምን አልተቆጡኝም?"

"ቁጣማ ሁለት ዓመት ሙሉ አስቀምጬልህ ነበር" አሉና ሳቁ። "ሳይህ ግን ደርቀሃል። የደረቀ ነገር ሲፈነቅሉት ምን ይዞ እንደሚወጣ አንተም ዛሬ አየህ።"

ወገኖቼ፣ ቂምም፣ ክፉ አመልም፣ ግትርነትም ሲቆይ እንደዚያ ሊድ ነው። እኛ ደግሞ ከሰው ላይ ልናስለቅቀው ስንፈልግ እሳታችንን ይዘን እንመጣለን። ይወጣ ይሆናል፤ ግን የሰውየውን ልብ ልጦ ነው የሚወጣው። ሕፃን ልጅ ቢላ ይዞ ያየች እናት ይህን ታውቃለች። ነፍሷ እየበረረች ብትነጥቀው ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ እጁንም ይቆርጠዋል። ደስ የሚለውን ነገር በሌላኛው እጁ ብትሰጠው ግን ቢላውን ራሱ ይጥለዋል። ከሰው ላይ ክፉውን ለማንሳት የፈለገ መጀመሪያ ደጉን ይጨምርበት።

እስቲ እናንተስ፣ ስንት ጊዜ ታግላችሁ አልነቀል ያላችሁ ነገር ማን ልብ ውስጥ አለ? ከመጎተታችሁ በፊት ምን ጨመራችሁበት?