የሞተው የእንግሊዝ ቃል

ፊታውራሪ ጠናጋሻው ከአንድ ሚሲዮናዊ የተማሩትን የጥንት እንግሊዝኛ ችሎት ላይ ሳይናገሩ አይውሉም ነበር። አንድ ቀን አንዲት ምላሰኛ መበለት፣ እሳቸው «ማሳዬን በላችብኝ» ብለው የወሰዱባትን ላም ለማስመለስ፣ እንደ ደንቡ የማር እጅ መንሻ ይዛ ፊታቸው ቆመች። ማሩን ተቀብለው ሲያበቁ እንዲህ አሏት፦

«ላምሽን ከፈለግሽ ይህን መልሺ። እንግሊዞች ድሮ ‹ጊቬት› ይሉ ነበር፤ ‹ይሰጣል› ማለት ነው። ዛሬ ግን ቃሉ ሞቷል፤ ማንም አይናገረውም። በይ ተቃራኒውን ንገሪኝ፤ አገባቡንም አሳዪኝ!»

አሽከሮቹ ሳቁ። ሴትዮዋ ከአጥሩ ወዲያ ላሟ እምቧ ስትል ሰማች፤ ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ተቃራኒው ግን ‹ይወስዳል› ነው፤ አገባቡን ላሜም ማሬም ያውቁታል። ያኛው ቃል ደግሞ እንግሊዝ አገር ብቻ የሞተ መስሎዎት ነው እንጂ፣ እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ እዚህም አፈር ለብሷል።»

ፊታውራሪ ጢማቸውን ሲጎትቱ ቆይተው ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ስጧት ላሟን!» አሉ።

«ተመስገን፣ ቃሉ ነፍስ ዘራ!» አለች ሴትዮዋ። «ጌታዬ፣ እባክዎ ማሬንም እስክቀበል ድረስ እንዳይሞትብኝ።»