በስምንት ቀን አርባ አንድ

አንድ ቀን፣ ቢተው የሚባል የመሥሪያ ቤታችን የካርታ ክፍል ሠራተኛ «በሥራ ሰዓት የኢንተርኔት ጌም ሲጫወት ተገኝቷል» ተብሎ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ስሙ ምን አጠፋ? ከሳሹ የክፍሉ ኃላፊ አቶ ዘርጋው ናቸው። የጠየቁት ቅጣትም ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ ስንብት ነው። የቢተው ሚስት ደግሞ ከወለደች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር።

እኔ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በማዕረግ የተመረቅኩት ሌላው የሚናገረውን ለመጻፍ አልነበረም። ለሁለተኛ ዲግሪ ተፈቅዶልኝ የነበረውን ቦታ አቶ ዘርጋው ለማን እንዳሳለፉት የሚያውቅ ያውቀዋል። ዛሬ አላነሣውም።

ማስረጃው አንድ ፎቶ ነው። ቢተው ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ ምሳ ወጥቶ ኖሮ፣ አቶ ዘርጋው ስክሪኑን በስልካቸው አንሥተውታል። «ቅርጽ ቀያሪ። የተጫወተበት ቀን ስምንት። ሌቭል አርባ አንድ» ይላል።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ፎቶውን አንዴ አርቀው አንዴ አቅርበው አዩት።

«ቅርጽ ቀያሪ ማለት ምን ማለት ነው?»

አቶ ዘርጋው የማያውቁት ነገር የለም። ስለ ንብ ብትጠይቋቸው ያውቃሉ፤ ስለ ጥርስ በሽታም ያውቃሉ። ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረጉ።

«ጌሙ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። ሲያሻው አንበሳ፣ ሲያሻው ንስር፣ ሲያሻው የጭነት ከብት ይሆናል። መልኩን ሲቀይር ስሙም ስለሚደበቅ፣ ማን እንደሆነ አጠገቡ ያለ ተጫዋች እንኳ አይለየውም።»

«እንደ አንዳንድ ሰው» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«እንደ ማን?»

«ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ።»

«ዋናው ነገር ሌቭሉ ነው። አርባ አንድ! በስምንት ቀን! እኔ ራሴ አርባ ለመድረስ...» አሉና ሳል ያዛቸው። «የእህቴ ልጅ አርባ ለመድረስ ዓመት ፈጅቶበታል።»

«ሰነፍ ልጅ ነው ማለት ነው» አለ ቢተው።

«አንተ ዝም በል!» አሉ አቶ ዘርጋው። «ተራህ ሲደርስ ትናገራለህ።»

«ታዲያ በስምንት ቀን እንዴት ይደረሳል?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

እዚህ ላይ አቶ ዘርጋው ከሳሽ መሆናቸውን ረስተው አስተማሪ ሆኑ።

«ሞኙ ቅርጽ ቀያሪ አንበሳ ሆኖ ብቻውን ሲያድን ዕድሜውን ይፈጃል። ብልጡ ግን በቅሎ ይሆናል። አንድ ኃይለኛ ተዋጊ ፈልጎ ጀርባው ላይ ያወጣል። ከዚያ ተዋጊው ጠላት በገደለ ቁጥር ከሚያገኘው ነጥብ እኩሌታው ለበቅሎዋ ነው። እሷ ሣሯን እየጋጠች፣ እሱ እየተዋጋ፣ ሌቭሏ ሽቅብ ይወጣል!»

ይህ መላ ከጌሙ ውጭም እንደሚሠራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አላነሣውም አልኩ።

«ግን!» አሉ አቶ ዘርጋው ጣታቸውን ቀስረው። «ጋላቢው የወረደ እንደሆነ በቅሎዋ አንድ ነጥብ አታገኝም። ቢተው ደግሞ ቤቱ ኢንተርኔት የለውም፤ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ስለዚህ ስምንት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጋላቢው ሳይወርድ እሱም ሳይነሣ ውሏል ማለት ነው። ከምሳ በቀር አንዲት ሰዓት ብትጎድል አርባ አንድ አይደርስም። በዚህ እፈርማለሁ!»

«ተመስገን» አለ ቢተው። «ፊርማዎን ስጠብቅ ግማሽ ወር አለፈኝ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉ። «ቢተው፣ ቀልዱን ተወውና መልስ። እንጀራህ ነው የተያዘው። በሥራ ሰዓት ተጫውተሃል ወይስ አልተጫወትክም?»

«ተጫውቻለሁ።»

አቶ ዘርጋው ፈገግ አሉ። እኔም የጻፍኩት እስኪደርቅ ቀና ብዬ ቢተውን አየሁት፤ በአራስ ቤት እንቅልፍ ያጣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ፊቱ ላይ ግን ድንጋጤ የለም።

«ስምንቱንም ቀን?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ስምንቱንም ቀን። አቶ ዘርጋው ካሉት አንድም የተዛነፈ የለም።»

«አንተ ሰው፣ ምን ነካህ? ለምን?»

«ሠላሳ ሁለት የባለ ጉዳይ ካርታ ታቅፌ ላስፈርም ቢሯቸው ሄድኩ። ጸሐፊዋ ‹ስብሰባ ላይ ናቸው› አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። ባለ ጉዳዮቹ ደግሞ መስኮቴ ላይ ተደርድረው እኔን ይሰድባሉ። በሦስተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ፣ አቶ ዘርጋው ሲሰበሰቡ አየኋቸው፤ ኮምፒውተራቸው ላይ በጎራዴ አንገት ይቀላሉ። የሚፈለግ ሰው ባለበት ነውና የሚፈለገው፣ እኔም ስብሰባው ወዳለበት ሄድኩ።»

አቶ ዘርጋው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍትረው ብድግ አሉ።

«ውሸታም! እዚያ ስውል አንድም ቀን አይቼህ አላውቅም!»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ቃሉን እንዳለ ጻፍኩት፤ «ስውል» የሚለውንም።

ቢተው ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«እንዴት አድርገው ያዩኛል፣ ጌታዬ? ጀርባዬ ላይ ነበሩ እኮ። አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳልወረዱልኝ ደግሞ ለኮሚቴው የመሰከሩት እርስዎው ነዎት።»

ሠላሳ ሁለቱም ካርታዎች ከምሳ በፊት ተፈረሙ፤ ቢተውም ወደ ወንበሩ ተመለሰ፤ አቶ ዘርጋው ግን ከዚያ ወዲህ እዚያ ጌም ውስጥ የሚሄዱት በእግራቸው ነው አሉ።