ነባሩና እንግዳው ውሻ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሁለት ውሾች ነበሩት ልልሽ ነበር፣ ግን መጀመሪያ የነበረው አንድ ብቻ ነው። ቁጭ በይ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም። የሟች እህትሽን ልጅ ወደ ቤትሽ አምጥተሽ፣ ከገዛ ልጅሽ ጋር መስማማት አቅቷት፣ ትናንት ደግሞ የልጅሽን ግንባር በድንጋይ ፈንክታ፣ «አባ፣ ወደ አባቷ ዘመዶች ብመልሳት ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ነው ያልሽኝ። እነዚያ ዘመዶች ምን እንዳደረጓት አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ክንዷ ላይ ያለውን የእሳት ጠባሳ ያሳየሽኝ አንቺው ነሽ። ስለዚህ መልሻትም አትመልሻትም ከማለቴ በፊት ይህን ስሚኝ። ቄሱ ስለ ውሻ ሊያወራ ነው ብለሽ ደግሞ እንዳትስቂ።

ሰውየው በሰፈሩ የተከበረ ሽማግሌ ነበር። የተጣላ ባልና ሚስት፣ በወሰን የተካሰሰ ጎረቤት፣ ደም የተቃባ ሳይቀር እሱ ዘንድ ይመጣል። ሲያስታርቅ አንድ ልማድ ነበረው፤ ሁለቱ ባለጋራዎች ይቅር ከተባባሉ በኋላ ከአንድ ትሪ ያበላቸዋል። እጃቸው ከአንድ ወጥ ላይ ከተገናኘ ነገሩ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ጠብ የሚያነሳ ሰው ነውረኛ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ኖሮ አንድም ቀን አላፈረም። አለማፈሩ ነው እንግዲህ ኋላ ጉድ የሠራው።

በቤቱ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ውሻ ነበረው። ተራ ያገራችን ውሻ ነው፣ ቡናማ፣ ጆሮው ቀጥ ያለ። ቦታው ከቤቱ ደጃፍ በስተቀኝ፣ አሮጌ ጆንያ ላይ ነው። ሰውየው ሲወጣም ሲገባም እንዳይረግጠው እግሩን ከፍ አድርጎ ያልፈዋል እንጂ ተነሣ ብሎት አያውቅም። እሑድ እሑድ አብረው እስከ ወንዙ ይሄዳሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ያ ውሻ ሰውም ነከሰ፣ ከሌላ ውሻም ተናከሰ ሲባል አልተሰማም።

በከተማው ዳር ደግሞ ባለቤቶቻቸው የጣሏቸውን ውሾች ሰብስባ በግቢዋ የምታኖር አንዲት ሴት ነበረች። ሰውየው በዚያ በኩል ለሽምግልና ሄዶ ሲመለስ በበሯ አለፈና አንድ ውሻ አየ። አጭር፣ ደረቱ ሰፊ፣ መንጋጋው የጎለበተ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ዘር ነው። ስታፎርድሻየር ነው የሚሉት፤ ምላሴ በደንብ አይታዘዝልኝም፣ ይቅር በይኝ። ያሳደገው ሰው አገር ለቆ ሲሄድ ለዘበኛ ተወው፤ ዘበኛውም ውሻ ለሚያዋጉ ጎረምሶች ሰጠው፤ እነሱ ሁለት ዓመት በሰንሰለት አስረው አዋጉት። ካላሸነፈ አይበላም። ፊቱ ሁሉ ጠባሳ ነው። ሰው ሲጠጋው ግን በጀርባው ተኝቶ ሆዱን ይሰጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው ይህን ሲያይ እንባው መጣ። እውነተኛ እንባ ነው፣ አልዋሽሽም።

«ይሄን ፍጡር እኔ እወስደዋለሁ» አለ።

«ቤትዎ ሌላ ውሻ አለ?» አለችው ሴትየዋ።

«አለ። በግ በይው፣ የዋህ ነው።»

«እንግዲያው ቀስ ብለው ያላምዷቸው፣ ጋሼ። መጀመሪያ ያኛውን ወዲህ ያምጡትና መንገድ ላይ ይተያዩ። ጊዜ ይፈልጋሉ።»

«ኧረ ተይኝ እባክሽ! ደም የተቃባ ሰው የማስታርቅ ሰውዬ፣ ሁለት ውሻ ያቅተኛል?» አለና እየሳቀ ይዞት ሄደ።

እቤት ሲደርስ እንግዳው የሚገባበት ጠፋው። ይቅበዘበዛል፤ ከአጥር ሥር ይወሸቃል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሰውየው አዘነለት። ምን አደረገ መሰለሽ? የነባሩን ውሻ ጆንያ ለእንግዳው ሰጠው። ነባሩ እንዳያስቸግር ደግሞ ወስዶ ከጓሮ አሰረው። ነባሩ ከተወለደ ታስሮ አያውቅም። ሰውየው ጭንቅላቱን እየደባበሰ፣ «አንተ እኮ የቤት ልጅ ነህ። ይሄ ምስኪን የተንገላታ ነው። አንተ ትረዳኛለህ» አለው።

አጥንት ሲገኝ ለእንግዳው ሆነ፤ ከስቷላ። እሑድ ወደ ወንዙ የሚሄደው እንግዳው ሆነ፤ ዓለም አላየማ። ሰፈሩም አመሰገነ። እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ ውሻ እንኳ ያዝንለታል ተባለ። ሚስቱ ብቻ አንድ ቀን፣ «ኧረ አንተ፣ ያ ጓሮ ያለው እህል አልቀምስ ካለ ሦስት ቀኑ» አለችው።

«ይለምደዋል» አላት።

በፋሲካ ዕለት በግ አረደ። ልጆቹ መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ከምሳ በኋላ ሰውየው ተነሣና፣ «ዛሬ የጌታ ትንሣኤ ነው፤ በቤቴ የተኳረፈ አይኖርም» አለ። ከዚያ በትልቅ ሳህን ሥጋና አጥንት ሞልቶ ከግቢው መሐል አስቀመጠ። አየሽ፣ በሰው ያየውን ነው። ከአንድ ማዕድ ከበሉ ታረቁ ማለት ነው። ነባሩን ፈታው፤ እንግዳውን ከደጃፉ ጠራው። እንግዶቹ እርቁን ለማየት ቆመዋል፤ አንዱማ ሊያጨበጭብ እጁን አዘጋጅቷል።

ቀድሞ የነከሰው ነባሩ ነው። አዎ፣ በጉ። ዘጠኝ ዓመት ድምፁ ያልተሰማው ውሻ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከጓሮ ታስሮ ቦታውን ሲናፍቅ የከረመው ውሻ፣ ሳህኑን እንኳ ሳያይ በእንግዳው ላይ ወጣበት። እንግዳው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ምግብ ባለበት ሌላ ውሻ ከመጣ ሞት አለ። የነባሩን አንገት ነከሰና መንጋጋውን ቆለፈ። ሴቱ ጮኸ፣ ወንዱ ዱላ አነሣ፣ ውኃ ተደፋ፤ ወይ ፍንክች። ሰውየው ራሱ እጁን ከመሐል አስገብቶ ሲያላቅቃቸው መዳፉ ተበሳ። እንግዳው የጌታውን ደም ሲቀምስ ደንግጦ ለቀቀና መሬት ላይ ተኝቶ ሆዱን ሰጠ። ነባሩ ግን አንድ ጆሮው ተዘልዝሎ፣ አንገቱ ተበስቶ፣ ነፍሱ ባፍንጫው ቀርታ ወደ ሐኪም ተወሰደ።

ፍርዱ ወዲያው ተፈረደ። ድሮም አውሬ ነው፣ ደም የለመደ ነው፣ አሉ። ማንም ቀድሞ ማን ነካ ብሎ የጠየቀ የለም። ሰውየው በማግስቱ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ እንግዳውን ወደ ሴትየዋ ጎትቶ ወሰደው።

«ይኸውልሽ ውሻሽ» አላት።

ሴትየዋ አልተቆጣችም። ውሻውን አየችውና፣ «ነክሶ የተመለሰ ውሻ ሌላ ሰው አይወስደውም፣ ጋሼ። እኔም ቦታ የለኝም። ሐኪሙ በመርፌ ያሳርፈዋል» አለች።

ሰውየው መርፌውን አላሰበውም ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው። «የት ነበር የሚተኛው?»

«ደጃፌ ላይ! በክብር ነው ያስቀመጥኩት። አጥንቱን እሰጠዋለሁ፣ ወንዝ እወስደዋለሁ። ምን ያላደረግኩለት አለ?»

«እኮ፣ እነዚህ ሁሉ እሱ ከመምጣቱ በፊት የማን ነበሩ?»

ሰውየው አንድ በአንድ ቆጠረ። ጆንያው የነባሩ ነው። አጥንቱ የነባሩ ነው። የእሑዱ መንገድ እንኳ የነባሩ ነበር። ከራሱ ያጎደለውን ቢፈልግ ቢፈልግ አንድም ነገር አጣ። ደግነቱን ሁሉ የሠራው በሌላው ንብረት ነው፤ ሲመሰገን የከረመው ግን እሱ ነው። አይ ሰው መሆን! ያ የተከበረ ሽማግሌ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ ብሎ በታሠረው እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ከዚያ ተነሣና ውሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ያን ዕለት የነባሩን ጆንያ አጥቦ ከቦታው አነጠፈ፤ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ዳግመኛ እንዳይታሰር ገመዱን ጣለው። ከግቢው ጥግ ደግሞ ለራሱ የሠራት አንዲት ክፍል ነበረችው። ባለጉዳይ የሚያነጋግርባት፣ ቀትር ላይ ጋደም የሚልባት፣ ሚስቱ እንኳ ሳታንኳኳ የማትገባባት ክፍል ናት። ወንበሩን አወጣ፣ መደቡን አፈረሰ፣ የሚለብሰውን ጋቢ ለሁለት ቀደደና ግማሹን መሬቱ ላይ አነጠፈ። «ና፣ ያንተ ይኼ ነው» አለው እንግዳውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለጉዳይ ሲመጣ ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያስታርቅ ጀመር፤ ክረምትም ሆኖ። የቀትር ዕረፍቱንም ትቶ ከእንግዳው ጋር ይቀመጣል። ሳህኑ ሁለት፣ በሩ ሁለት ሆነ። ነባሩ ሲድን፣ እሱ አንዱን ሚስቱ ሌላውን በገመድ ይዘው፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ሳይጠጋጉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዱ ጀመር። ሰፈሩ ሳቀበት። ይሳቅ።

አምስት ወር ፈጀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ነጎድጓድ ሆነ። እንግዳው ደንግጦ ከክፍሉ ወጣና ወደ ደጃፉ መጣ፤ ከነባሩ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ። ነባሩ ቀና ብሎ አየው። ቦታውን የሚነካበት እንደሌለ አሁን ያውቃል። ጭንቅላቱን መልሶ ጆንያው ላይ አሳረፈ። እንግዳውም እዚያው፣ ክንድ እንደተራራቁ፣ ተኛ። ሰውየው ከውስጥ ሆኖ አያቸው። ኑ እዩልኝ ብሎ ማንንም አልጠራም፤ አንድ ላይ ላብላቸውም አላለም። ሳህናቸው እስኪሞቱ ድረስ ሁለት እንደሆነ ቀረ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ወዳንቺ ልምጣ፤ ዓይንሽን አትስበሪ፣ እዪኝ።

የእህትሽ ልጅ የምትተኛው በማን አልጋ ላይ ነው? በልጅሽ። የምትለብሰውስ? የልጅሽን። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጭንሽ ላይ ትቀመጥ የነበረችው ማን ናት፣ አሁንስ ማን ናት? ልጅሽን ደግሞ፣ አንቺ ትልቅ ነሽ፣ እናት አለሽ፣ ተረጂኝ አልሻት፤ ይህን ራስሽ ነግረሽኛል። ከዚያ ሁለቱን ከአንድ ትሪ አስቀምጠሽ፣ ካልተጎራረሳችሁ አትነሡም አልሽ። ድንጋዩ የተወረወረው ያን ሰዓት አይደለም እንዴ? ልጄ፣ ልጅሽ ክፉ ሆና አይደለም፤ ተቀምታ ነው። ያችኛዋም አውሬ ሆና አይደለም፤ ሳትመታ በልታ ስለማታውቅ ነው። ሁለቱም ሳይበድሉ እየተዋጉ ያሉት፣ አንቺ የራስሽን ሳትነኪ ደግ ለመሆን ስለፈለግሽ ነው። ከፍቶሽ እንደሆን ይክፋሽ፤ እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል?

ብትመልሻት ኃጢአት ነው። እንደዚሁ ብታኖሪያትም ኃጢአት ነው። ዛሬ ሂጂና ለልጅሽ አልጋዋን መልሺላት፣ ይቅርታም ጠይቂያት። ለዚያችኛዋ ከራስሽ አልጋ ጎን አንጥፊላት፤ ባልሽ ቅር ካለው ወደ እኔ ላኪው። ከእንቅልፍሽ ቀንሺላት፣ ጎረቤት ቁጭ ብለሽ ከምትጫወችበት ሰዓት ቀንሺላት። እህትማማች ተባባሉ ብለሽ ግን አታስጨንቂያቸው፤ ክንድ ተራርቀው በሰላም ከተኙ ይበቃሻል።

እህትሽ ስትሞት እጇን ይዘሽ፣ ልጅሽን እኔ አሳድጋታለሁ ብለሽ ቃል የገባሽው አንቺ ነሽ። ልጅሽ ለማንም ቃል አልገባችም።